«የለም» ያልኩበት ወረቀት

ወንድሜ ደብረ ታቦር ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። የምንተኛው አንድ መደብ ላይ ነው። ሲያንኮራፋ ይቆይና ድንገት ትንፋሹ ጸጥ ይላል። ያኔ ተረከዙን በእግሬ እመታለሁ፤ እንደታፈነ ሰው ተንፍሶ ይቀጥላል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንዲት ነርስ መጠይቅ ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር እኛም ጋ መጣች። ወረቀቱ ገና እየተፈተነ ነው አለች፤ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆምበትን ሰው በትክክል ይለይ እንደሆነ ለማየት። የሚጠረጠር ሰው ሆስፒታል ተጠርቶ በመሣሪያ ይመረመራል። በዚያ ቀን የወንድሜ እጮኛ አጎት የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ከእብናት መጥተው ነበር።

ነርሷ መጠይቁ እንደሚያዘው የወንድሜን አንገት ውፍረት በሜትር ለካች።

«ሸሚዝ ልትሰፊልኝ ነው?» አላት።

«መጀመሪያ ይመልሱልኝ። ያንኮራፋሉ?»

«እኔ? የሚያንኮራፋው ወፍጮው ነው እንጂ!»

አጎትዬው ሳቁ። «ብቻ ልጃችንን እንዳታስበረግጋት!»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አብረኸው የምትተኛው አንተ ነህ? ትንፋሹ ሲቆም አይተህ ታውቃለህ?»

ወንድሜ አየኝ። «የለም» አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ መልሳችን ይጸና እንደሆነ ለማየት ያንኑ ጥያቄ ልትደግም። ወንድሜን ወፍጮ ቤት ሄዳ ጠይቃዋለች፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አጠገባችን ማንም የለም። እውነቱን ከመናገር የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን... እንዴት ልበል። የፊተኛው መልሴ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ ምን ትለኛለች ብዬ አፈርኩ። ዳግመኛ «የለም» አልኩ።

የፊተኛውን ወረቀት ገልጣ አመሳከረችና «ጎበዝ፣ አንድ ነው» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል። ደስ ብሎኝ ነበር።

ወንድሜ የሞተው ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እናቴን ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዣት ሄጄ ስለነበር ብቻውን ተኝቶ ነበር። ጠዋት አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። ይሆናል። እውነቱን ብናገርም ይሞት ነበር ይሆናል። አላውቅም።

ከአርባው በኋላ ነርሷን ጤና ጣቢያ ሄጄ አገኘኋት። «መልሴ ውሸት ነበር» አልኳት።

«የትኛው?»

«ሁለቱም።»

የተሞላ ወረቀት አይሰረዝም ብላ እውነቱን ከጎኑ ጻፈችበት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ትናንት እያለቀሰች «ፍል ውሃ አድርሰኝ ብዬ ባልወስድህ፣ ከጎኑ ሰው ይኖረው ነበር። እኔ ነኝ ልጄን የገደልኩት» አለች።

ቀና ብዬ አላየኋትም።