የአባቴ የጁምዓ ጾም

አባቴ መርሳ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ኩላሊቱ ከታመመ በኋላ ሰውነቱን ያሳክከው ጀመር። የደሴው ሐኪም ደሙ ውስጥ ፎስፌት የሚባል ነገር እንደበዛ ነግሮን ትልልቅ ነጭ ክኒን አዘዘለት። የሐኪሙን ቃል ደብተሬ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ፎስፌቱ የሚመጣው ከምንበላው ምግብ ነው፤ ክኒኑ እዚያው ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳያልፍ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከምግብ ጋር ይታኘካል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ምግብ ሲቀርብ፣ በእሱ በኩል ትሪው ጠርዝ ላይ አንድ ክኒን አስቀምጥለት ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ያሰመርኩበትን ጠመኔ አሁን ታበይኛለሽ?» ይለኛል እያኘከ።

«ደህና አድርገው ያድቅቁት እንጂ አባባ።»

«ሐኪሙ ደሴ ቀረ ስል ቤቴ ገብቶ ተቀምጧል» ይላል ወደ እናቴ ዞሮ።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ የደሴ መንገድ ተዘጋ። የመርሳ መድኃኒት ቤቶችም ባዶ ሆኑ። አባቴ የቀረው ክኒን ስንት ቀን እንደሚያደርሰን ጠየቀኝ። ቆጥሬ «አሥራ ሁለት ቀን» አልኩት። ከዚያ ደብተሬን ገልጬ፣ ለፈተና እንደሚመልስ ተማሪ፣ «ያለ ምግብ ከወሰዱት አይጠቅምም፤ ያለ እሱ ከበሉ ደግሞ ፎስፌቱ ይጨምራል» ብዬ አነበብኩለት። አንድ ቃል ባለመሳሳቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ጾመ። ሐሙስም ጾመ። ሁለቱም በፈቃድ የሚጾሙ የሱና ጾም ቀኖች ስለሆኑ ማናችንም አልጠረጠርንም። ቀጥሎ ማክሰኞና ረቡዕ ታከሉ። ሲያፈጥር አንዷን ክኒን ከእንጀራው ጋር ያኝካል፤ ከንጋት በፊት ለስሑር እናቴ ስትቀሰቅሰው «አልራበኝም» ብሎ ይዞራል። ጎረቤቶች ዱዓ አድርግልን ይሉት ጀመር። እኔም ኮራሁበት። አሥራ ሁለት ቀን ያልኳቸው ክኒኖች ሦስተኛ ሳምንት ሲይዙ እንኳ በረካ ነው አልኩ።

አንድ ሐሙስ አጎቴ ከውርጌሳ በእግሩ መጣ። እንግዳ ብቻውን አይበላምና አባቴ ጾሙን ትቶ አብሮት በላ። በማግስቱ እናቴ ቁርስ ስታቀርብ «ጾመኛ ነኝ» አለ።

እናቴ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «ዛሬ ጁምዓ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ጁምዓን ለብቻው መጾም ይጠላል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

«ነገ ቅዳሜን እጨምርበታለሁ።»

«እሑድንም ጨምርና ረመዳን አድርገዋ!»

ሊስቅ ሞክሮ ተነሣ። ያን ጊዜ ሱሪውን አየሁት። ወገቡ በሁለቱም ጎን ጠቧል። ስፌቱ አዲስ ነው፤ ክሩ ከጨርቁ ጋር እንኳ አይመሳሰልም። አባቴ የሰው ልብስ እንደዚያ አይሰፋም።

«አባባ፣ የሚጾሙት ለክኒኑ ነው?»

«አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ?» አለኝ። «ካልበላሁ አያስፈልገኝም። ሲያልቅ ደግሞ ከየት ታመጪያለሽ? በዚህ መንገድ ልልክሽ ነው?»

ሁለት ቤት አልፋ ወደምትኖር ነርስ እያለቀስኩ ሮጥኩ። መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ክኒኑ የታዘዘልዎ እየበሉ እንዲድኑ ነው» አለችው። «ከተራቡ ጉልበትዎ ያልቃል፤ ውኃ ሳይጠጡ መዋልም ለኩላሊትዎ ጥሩ አይደለም። ሐኪምዎን እስክናገኝ ፎስፌት የሚበዛባቸውን ወተቱንና ሽሮውን ይቀንሱ። ክኒኑን ከትልቁ ምግብዎ ጋር ያድርጉት። ሌላውን ቀለል አድርገው ይብሉ፤ ግን ይብሉ!»

«ሽሮም?» አለ፤ ከጦርነቱ ሁሉ ይኼኛው የከበደው ይመስል ነበር።

«ሽሮም።»

እናቴ የሱና ጾም ቢፈታ ኃጢአት እንደሌለበት እያስታወሰችው እንጀራ በጎመን አቀረበች። እሷ ትሪውን ይዛ፣ እኔ ክኒኑን ይዤ ከላዩ ቆምን። በላ።

ክኒኖቹ መንገዱ ሳይከፈት አለቁ። ማሳከኩም ብሶበት ነበር። ሆኖም ከዚያ ጁምዓ ወዲህ ምግብ ትቶ አልዋለም። ደሴ ደርሰን መድኃኒቱን ይዘን በተመለስን ሰሞን ያን ሱሪ አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለው።

«ያስጠበብሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ፍቺው።»

በመቀስ ጫፍ ክሩን እየመዘዝኩ አንዱን ጎን ፈታሁ። ሌላውን ልጀምር ስል እጄን ያዘኝ።

«እሱን ለጊዜው ተይው» አለኝ። «ገና አልሞላሁትም።»