ሲረግጡት የሚጮኸው ጫማ

ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የሕፃናት ዕቃ እሸጣለሁ። ልብሱን ከጎኔ ያሉት ይሸጡታል፤ እኔ ጋ ያለው ከልብሱ የተረፈው ትንንሹ ነገር ነው። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ የእጅ ጓንት፣ የለሃጭ መቀበያ፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ ለሚድህ ልጅ የጉልበት መከላከያ፣ መራመድ ለጀመረ ደግሞ ጫማ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ጌጥ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ ግን የትኛው ለልጁ፣ የትኛው ለእናቲቱ ፎቶ ብቻ እንደሚጠቅም ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ።

ጓንት ለምሳሌ ይጠቅማል። አዲስ የተወለደ ልጅ ጥፍሩ ስለት ነው፣ ካልሸፈኑለት ፊቱን ቧጭሮ ይጨርሰዋል። የሱፍ ኮፍያ ግን ለድሬ ሙቀት ምን ይሠራል? አንዳንዷ ሴት ደጋ ያለች እናቷ «ልጁን ብርድ እንዳይመታው» ብላ በስልክ ስለጮኸችባት ብቻ ትመጣና እስከ ቅንድቡ የሚወርድ ሱፍ ትጠይቀኛለች። የእኔም አፍ አያርፍም። «ልጅ ነው ወይስ ዳቦ ነው የምትጋግሪው?» እላታለሁ። ወይ ትስቃለች፣ ወይ ተቆጥታ ጎረቤቴ ጋ ትገዛለች። ባለቤቴ «በዚህ ፀባይሽ ደንበኛ መኖሩ ይገርመኛል» ይለኛል። እሱ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው።

ከዕቃዎቼ ሁሉ የምጠላው ሲረግጡት የሚጮኸውን ጫማ ነበር። ተረከዙ ውስጥ ትንሽ ፊሽካ አለችው። ልጁ በተራመደ ቁጥር ጲጥ፣ ጲጥ ይላል። ቀኑን ሙሉ ስትሰማው ለዋለች ሰው ራስ ያዞራል። ምን ዋጋ አለው፣ ብዙ የሚሸጥልኝም እሱ ነው፤ እውነቱን እናውራ ካልን ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው። ጓሮ ልብስ የምታጥብ ሴት ልጇ በር አልፎ ባጃጅ ወደሚሮጥበት መንገድ መውጣቱን በጆሮዋ ታውቃለች። ልጁም ድምፁን ለመስማት ብሎ ይራመዳል፣ መቆም የሚፈራው ሳይቀር ይደፍራል።

ይህን ጫማ ለልጅ ሳስሞክር የሚሆነው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ልጁ ይረግጣል። ይቆማል። አጎንብሶ እግሩን ያያል። ቀጥሎ «ሰማሽ?» እንደማለት እናቱን ያያታል። ከዚያ እንደገና ይረግጥና ይስቃል። እያለቀሰ የመጣውም ይስቃል። የማን ልጅ ይሁን የማን፣ ከየትኛውም ሰፈር ይምጣ፣ ሌላ ነገር ሲያደርግ አይቼ አላውቅም ነበር።

ልጃችን ቋንቋ በበዛበት ቤት ነው የተወለደችው። እኔ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ለገሃር አካባቢ በአማርኛ ነው ያደግኩት። ባለቤቴ የመልካ ጀብዱ ልጅ ነው፤ ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ ያወራል፣ ልጃችንንም የሚያጫውታት በዚያው ነው። እኔ ገበያ ስውል ልጄን የምትይዝልኝ አከራያችን ደግሞ ሶማሊኛ ተናጋሪ ናት። በቋንቋቸው አክስት እንደማለት ሰፈሩ በሙሉ «ኤዶ» ይላታል። በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች፣ ግን እዚህ ከተማ አንቱታ ብዙም ስለማናውቅ አንቺ ነው የምላት፤ አንቱ ብላት ምን አስቀየምኩሽ የምትለኝ ይመስለኛል።

ልጄ ዓመት ሞላት፣ «እማ» አላለችም። ዓመት ተኩል አለፋት። ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ለራሷ ታንጎራጉራለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። መጨነቅ ጀመርኩ። ስጨነቅ ደግሞ የማይስቅብኝ አልነበረም።

«ተይ አቦ!» አለችኝ ኤዶ። «ሦስት ቋንቋ አፍስሳችሁባት ምን ታድርግ? እየመረጠች ነው። የእኔ የመጨረሻዋ ምን ያህል ዘመን ዝም ብላ፣ አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል ቀሚሷን ቢበላባት በአራት ቋንቋ ሰደበችው፣ ወላሂ!»

ይህን መልስ የሰጠችኝ እሷ ብቻ አይደለችም። ድሬ ውስጥ ዘግይቶ አፍ የፈታ ልጅ የማያውቅ ሰው የለም። የባለቤቴ እናት የእህቷን ልጅ ጠቀሰችልኝ፣ ደንበኞቼ የራሳቸውን ልጆች። ደግሞ ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ሰፈራችን ውስጥ በሶማሊኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ተናዶ፣ በአማርኛ የሚጨርስ ሕፃን ሞልቷል። ደስ የሚል መልስም ነበር። ልጄ የጎደላት የለም፣ የበዛባት ነው ማለት ነው። ይህን ይዤ ብዙ ወራት ተኛሁ።

ያን ቀን ኤዶ ለቅሶ ስለነበረባት ልጄን ገበያ ይዣት ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። የቀትሩ ሙቀት በርዶ ለቀትር እንቅልፍ የተዘጉት ሱቆች ሲከፈቱ ከቢዮ አዋሌ የመጣች አንዲት ሴት ትንሽ ወንድ ልጇን እየጎተተች ገባች። ልጁ በለቅሶ ፊቱ ቀልቷል። የሚጮኸውን ጫማ አደረግንለት። ረገጠ፣ ቆመ፣ አጎንብሶ እግሩን አየ፣ እናቱን አየ፣ ሳቀ። ካርቶን ላይ የተቀመጠችው ልጄም ሲስቅ አይታ አጨበጨበች።

«ለዚችስ?» አለች ሴትዮዋ ወደ ልጄ እያየች። «ባለ ሱቋ፣ የራስሽ ልጅ በባዶ እግሯ!»

እኔ ጩኸቱን ስለምጠላ ይህን ጫማ ለልጄ አድርጌላት አላውቅም። ነገሩ አሳቀኝና አንድ ቀይ ጥንድ አንስቼ አጠለቅኩላት። ቆመች። ተራመደች። ጲጥ፣ ጲጥ፣ ጲጥ። አላጎነበሰችም። እስከ መደዳው ጫፍ ሄደች፣ ዞረች፣ እጇን ዘርግታ እንደ ሁልጊዜው ወደ እኔ መጣች። አንድ ጊዜ እንኳን እግሯን አላየችም።

«ጎበዝ! አልደነገጠችም» አለች ሴትዮዋ።

ዕቃዋን ጠቅልዬ ሸኘኋት። ከዚያ አንዱን ጫማ ከእግሯ አወለቅኩና ከጀርባዋ ቁጭ ብዬ ተረከዙን ጆሮዋ ሥር ተጫንኩት። የለሃጭ መቀበያ ክር ይዛ ትጫወት ነበር። እንደገና ተጫንኩት። በሌላኛው ጆሮዋ በኩል ሞከርኩ። ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። መጫኔን ማቆም አልቻልኩም።

«አረ አቦ አደነቆርሽን!» ብሎ ጮኸ ከመደዳው ማዶ ስልክ የሚሸጠው ሰውዬ።

ከዚያ ድረስ ተሰምቶታል። ካልሲ የታሰረበት ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩና ልጄን አቀፍኳት። ትከሻዬ ላይ ተኝታ ፀጉሬን እየሳበች ትስቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ማታ የሚገባው ፈረቃ ላይ ስለነበር ባለቤቴ ቤት ነበር። ፊቱን ሲታጠብ ደርሼ ነገርኩት።

«ልጄን በጫማ ነው የመረመርሻት?» አለኝ።

«አትሰማም እኮ ነው የምልህ።»

«ትናንት በሩን ስከፍት ዞራ አይታኛለች።»

«በሩ ሲከፈት ብርሃን ገባ። ብርሃኑን ነው ያየችው።»

«ከባድ መኪና ሲያልፍስ? ሁልጊዜ ትነሳለች።»

«ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ በእጇ ይሰማታል። እጇ ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ ነው፣ አላየህም?»

አንድ በአንድ የያዘውን ሁሉ ከእጁ ቀማሁት። እያደረግኩት እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ማቆምም ነበረብኝ፣ ግን ተናድጄ ነበር። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ደጁ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ልጅ ሳለ ስለሚያውቀው ሰው ነገረኝ። መንደራቸው ውስጥ የማይሰማ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ «ደንቆሮው» ነው የሚለው።

«ስሙን የሚያውቅ አልነበረም» አለኝ። «እኔም አላውቀውም። ድንጋይ እየወረወርን ዞሮ ያይ እንደሆነ እናይ ነበር። አሁን ልጄን ሐኪም ቤት ወስጄ ያንን ቃል ላስለጥፍባት? ሰፈሩ ስሟን ይረሳዋል። ትንሽ ትደግ፣ ከዚያ እናያለን።»

ጤና ጣቢያ ክትባት የምትሰጠንን ነርስ ጠየቅኳት። ሳትቆጣኝ በእርጋታ ነው ያስረዳችኝ። ቶሎ ከታወቀ የሚታከም ከሆነ ይታከማል፣ የማይታከም ከሆነ ደግሞ ልጅቷ በምልክት መግባባት ትጀምራለች፤ ያለ ቋንቋ የምታሳልፈው ዕድሜ በረዘመ ቁጥር ግን በኋላ ማካካሱ ይከብዳል አለችኝ። ሙሉ ምርመራው አዲስ አበባ መሆኑንም ነገረችኝ። ብቻዬን ይዣት ልሄድ አስቤ ነበር። ግን አባቷ የማያምንበትን ነገር ተሸክሜ ብመለስ፣ ምልክቱንስ ከማን ጋር ልማርላት? ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚያወራት ልጅ ልትሆንብኝ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ለመንኩት፣ በየቀኑ ተጣላን። ፈርቶ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። የሁለታችን ፍርሃት ግን ለእሷ ምንም አይጠቅማትም፣ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያንን ቀይ ጫማ ከእግሯ ማውለቅ ተውኩ። ድሮ ራሴን ያዞረኝ የነበረው ድምፅ አሁን ሲቋረጥ ነው የሚያስደነግጠኝ። ሌላዋ እናት ልጇ መንገድ ሲወጣባት ትጠራዋለች፣ ይመለሳል። እኔ ሮጬ መድረስ አለብኝ፤ ለመድረስ ደግሞ የት እንዳለች መስማት አለብኝ። ባለቤቴ ድምፁን አልወደደውም። «አውልቂላት፣ ልተኛበት» ይለኛል። አላወልቅም። ጲጥ ባለ ቁጥር ፊቱ ሲጨማደድ አየዋለሁ፣ ምን እያሰበ እንደሆነም አውቃለሁ። ኤዶ እንኳን ስለ ፍየሉ ማውራት ትታ ነበር። አንድ ቀን ልጄን ስታስረክበኝ፣ «ሐኪም ቤት ውሰጂያት፣ ልጄ፤ እኔም ሞክሬያታለሁ» ብቻ አለችኝና ፊቷን አዙራ ገባች።

ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ ከሰዓት ነው። ፀሐዩ ዘንበል ብሏል። እኔ ቤት ውስጥ ለማግስቱ ገበያ ኮፍያ በየልኩ እለያለሁ። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ልጃችን ጀርባዋን ሰጥታው ቧንቧው አጠገብ ከአንድ የጀሪካን ክዳን ወደ ሌላው ውኃ ትገለብጣለች። በመጋረጃው ቀዳዳ ይታዩኛል፣ እሱ ግን የማየው አልመሰለውም።

«ኮቱ» ብሎ በኦሮምኛ ጠራት። ቀስ ብሎ ነበር። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ኮቱ!»

ውኃዋን ትገለብጣለች።

«ነይ» አላት። እሷን በአማርኛ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። «ነይ! ነይ እንጂ!»

ቀጥሎ በኤዶ ሶማሊኛ ጎተት አድርጎ፣ «ካላይ» አለ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ኮቱ፣ ነይ፣ ካላይ፤ የበር መቆለፊያ በያዘው ቁልፍ ሁሉ እንደሚሞክር ሰው። በመጨረሻ ስሟን ጠራ። ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው፤ ያወጣላትም እሱ ነበር። ባለ በሌለ ድምፁ ጮኾ ስሟን ጠራት። ጎረቤት ብቅ ብሎ አየ። ኒሟ ላይ የነበሩት ወፎች ተነስተው በረሩ። ልጄ ክዳኑን ሞልታ ቀስ ብላ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ገለበጠችው።

ውኃው ሲያልቅባት ተነስታ ዞረች። አባቷን አየችው። ፊቷ በራ፤ ከኋላዋ መኖሩን ገና ማወቋ ነው። እየጮኸ በሚከተላት ጫማዋ ሮጣ ጉልበቱ ላይ ወጣች። እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኛን የምታውቀን በፊታችን ስለሆነ የተሸፈነ ፊት አትወድም፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየፈለቀቀች ከፈተችው። ከሥሩ ያገኘችው ፊት የማታውቀው ዓይነት ነበር መሰል መሳቋን ትታ በመዳፏ ጉንጩን ነካችው። እጇ ሲረጥብ ደግሞ እጇን አየች።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ሲያየኝ ልጅቷን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ አፉን ከጆሮዋ አርቆ ወደ እኔ አዘነበለ።

«ነገ ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለኝ። «አዲስ አበባ እንውሰዳት። አትሰማም።»

ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንዳትሰማው።