ትርጉሙን አባት፣ ቃሉን ልጅ

ሉዋን ሱፒንግ ያደገችው በቻይና፣ በሎንግሺ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈላ ውሃ ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ሉዋን ደኋይ የክፍሉ ሠራተኛ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ የድንጋይ ከሰሉን በአካፋ እየዛቀ ምድጃው ውስጥ ይጨምራል፤ ተማሪዎቹ ፔርሙዛቸውን ይዘው ሲሰለፉ ቧንቧውን ይከፍትላቸዋል። ተማሪዎቹ ተሰልፈውም አያርፉም። በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ፣ በሌላው የእንግሊዝኛ ቃላት መጽሐፍ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያነበንባሉ። ደኋይ ከሚሉት አንዱም አይገባውም። ግን የትኛው ልጅ እንደሚያውቅና የትኛው እንደሚያስመስል ከድምፁ ይለያል ይባል ነበር።

ሱፒንግ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ እንግሊዝኛ ተጀመረ። መምህሯ ወላጆች ማታ ማታ ቃል እንዲጠሩ አዘዙ። ወላጅ ትርጉሙን በቻይንኛ ይጠራል፤ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል ይጽፋል፤ ወላጅ ከግርጌው ይፈርማል። ብዙዎቹ ሳይጠሩ ይፈርሙ ነበር። ደኋይ ግን እጁን ታጥቦ፣ በርጩማውን ወደ ምድጃው አስጠግቶ፣ መጽሐፉን ከዓይኑ አርቆ ይዞ ይጠራል። አንዱን ጠርቶ ወደሚቀጥለው አይቸኩልም። ፔርሙዝ ሲሞላ ድምፁ እስኪለወጥ የሚጠበቀውን ያህል ዝም ይላል። ሱፒንግ ቃሉን የምታገኘው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነበር።

ልጅቷ አድጋ ላንጆ ከተማ ገባች። እዚያ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ አሸዋ ይዞ የሚያስቀር ሣር አጠናች፤ ማስተርሷንም በዚያው ያዘች። ፕሮፌሰሯ ለዶክትሬት ሊያስቀሯት ፈለጉ፤ ሆኖም የመግቢያ እንግሊዝኛ ፈተና ነበረ፣ የሣር ሥር በማወቅ አይታለፍም። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀውን ወፍራም ቀይ የቃላት መጽሐፍ ሁለት ገዛች። አንዱን ለራሷ አስቀረች፤ ሌላውን ለአባቷ ላከች። ከዚያ ወዲያ ደኋይ ምድጃውን ዘግቶ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቃል ትርጉሙ “ጥሎ መሄድ፣ መተው” ነው። ያንን መጽሐፍ የጀመረ ሁሉ ያችን ቃል ያውቃታል፤ ብዙው ሰውም ከእሷ ብዙ አይርቅም። የክፍል ጓደኛዋ ያኦ ዌንቺ የራሷን መጽሐፍ ጎን እያሳየች፣ “ተመልከቺ፣ የቆሸሸው መጀመሪያው ብቻ ነው፤ የቀረው ገና ሙሽራ ነው” ትላለች። ደኋይም በመጀመሪያው ምሽት ትርጉሙን አንብቦ፣ “ይሄ ሰውዬ ገና ሳንጀምር ተዉት ይለናል እንዴ?” አለ። ሱፒንግ ሳቀች። ቀጠሉ።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት፣ ፈተናው ሲቃረብ፣ አንድ ምሽት የደወለው አጎቷ ደሚንግ ነበር። የአባቷ ታናሽ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ አፉ ግን ፍሬን የለውም። አባትሽን ጉሮሮው ይዞታል፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ እኔ እጠራልሻለሁ አላት። ጠራላትም፤ እያከታተለ፣ የሚያሳድደው ያለ ይመስል። ከቀናት በኋላ፣ አንድ ምሽት፣ “አጎቴ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይተነፍሳል” አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የእጇን ይሰጣት ነበር። ያን ምሽት ግን “እሺ” አለና ቀስ አለ። እስከ ፈተናው ዋዜማ እንዲህ ሰነበቱ።

ተፈትና እንደወጣች ለጉሮሮ የሚሆን የወሽመላ ፍሬ ሽሮፕ ገዝታ ባቡር ተሳፈረች። ቤታቸው በር ላይ ሰው ሲሞት የሚለጠፈው ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። ደሚንግ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

“ፈተናው እንዴት ነበር?” አለ።

“ጥሩ ነበር” አለችው።

ያን ቀን ሌላ ምን እንደተናገረች አታስታውስም። ደኋይ ምድጃው አጠገብ ወድቆ፣ ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ሞቷል። የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። ነጩን የሐዘን ልብስ አለበሷት፣ በጉልበቷ አስኬዷት፣ ተነሺ ሲሏት ተነሳች። ጎረቤት የሆኑ ሴቶች ለምን እንደማታለቅስ ተነጋገሩ። ሽሮፑን ይዛው ተመለሰች፤ ማደሪያዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። በፈተናው ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ጎደላት። ፕሮፌሰሯ ቦታውን አንድ ዓመት ብቻ አቆይላታለሁ አሉ።

ዓመቱ አለፈ። ትነሳለች፤ ከሌሎቹ ጋር ማለዳ ዛፎቹ ሥር ቆማ ቃላቱን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ቤተ መጻሕፍት ወንበር ለመያዝ መጽሐፏን ትታ ትሄዳለች፤ በቆሎና የእንፋሎት ዳቦ ትበላለች። አንዳንድ ጊዜ ቧንቧው ሥር ፔርሙዟ ሞልቶ እየፈሰሰ ትቆማለች፤ ከኋላዋ ያለው ተማሪ እጁን ሰዶ ይዘጋዋል። ድሮ አባቷ የጠራቸውን ቃላት ታውቃቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን አልገባ አሏት። ዌንቺ አንዴ እኔ ልጥራልሽ ብላ ሞከረች። ጎበዝ አንባቢ ናት፤ ግን አንዱን ጠርታ ሌላውን ስትጀምር ሱፒንግ ገና የመጀመሪያው ላይ ነበረች። ተዉት።

አጎቷ ሲደውል አታነሳም። “ደህና ነኝ” ብላ ትጽፍለታለች። ተቆጥታ አልነበረም። ቁጣውን ፈልጋዋለች፤ አላገኘችውም። እናቷ ቻይፌን በዚያችው በአንድ ሰዓት ትደውልላትና በላሽ ትላለች፤ በላሁ ትላታለች። ቻይፌን ሌላ የምትለው ስለማታውቅ ስልኩን ይዛ ትቆያለች። ሱፒንግም ትቆያለች።

ዘንድሮ የሙት ዓመቱና ፈተናው አንድ ቅዳሜ ዋሉ። ሱፒንግ ይህን ስታውቅ ለአጎቷ ራሷ ደወለች። ሥርዓቱ መቃብሩ ላይ ከቀትር በፊት ነው፤ ፈተናውም ከቀትር በፊት ነው። ደሚንግ አላመነታም። አንቺ ተፈተኚ፣ ከሰዓት ድረሺልን፣ እኛ እናደርሰዋለን አለ። ሱፒንግ እሺ አለች። አባቷን አንድ ጊዜ ሳትቀብረው ቀርታለች፤ አሁን ደግሞ ሙት ዓመቱ ላይ ትዘገያለች። የሚቀረው አንድ ነገር ቢኖር በዚያው ቀን፣ ቢመሽም፣ መቃብሩ ላይ የሚቃጠለው ወረቀት አመዱ ሳይበርድ መድረስ ነበር። የባቡሩን ትኬት ቆርጣ መጽሐፉ ውስጥ አስገባችው፤ ባጠናች ቁጥር ታየው ጀመር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስ የማደሪያው ተቆጣጣሪ ሴትዮ ከመስኮታቸው ጠሯት።

“አንቺ የሣሯ ልጅ፣ ነይ እስቲ። እናትሽ ከምሳ ጀምራ እዚህ ናት። ልጥራት ብላት ታጠናለች፣ አትጥሪብኝ ብላ ከለከለችኝ። የሱፍ ፍሬዬን ጨርሳ ልትሄድ ነው።”

ቻይፌን ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ትንሽ በርጩማ ላይ፣ የጨርቅ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

“በላሽ?” አለች።

“በላሁ። እማ፣ ነገ እኮ ሙት ዓመቱ ነው።”

“እንውጣ” አለች ቻይፌን።

ከግቢው ውጭ፣ ገና ቅጠል ያላወጡ ዛፎች ሥር ቆሙ። ቻይፌን ቦርሳዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

“ረቡዕ አድርሰነዋል” አለች።

“ምኑን?”

“ሙት ዓመቱን። ቢቀድም ነውር የለውም፤ ማለፍ ነው ነውሩ። አጎትሽ ነው ያሰበው። አንቺ ነገ ሐሳብሽ እንዳይከፈል ብሎ። ስትመጪ፣ አሁን ገና ጨረስን፣ ትንሽ ብትቀድሚ ታገኚን ነበር ሊልሽ ነው።”

ረቡዕ ነጻ ነበረች። ረቡዕ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ገጽ ላይ ተቀምጣ ውላለች። ሱፒንግ ይህን አሰበችው። የደነዘዘ እግርን ሰው በእጁ ነካክቶ የኔ ነው ወይ እንደሚል ራሷን ፈተሸች። ምንም አልመጣም።

“ሳትነግሩኝ” አለች።

“ሳንነግርሽ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም ልል ነበር። አቃተኝ። ወረቀቱን ሲያቃጥሉ ያንቺን ድርሻ ደብቄ አስቀረሁ።” ቦርሳውን ከፈት አድርጋ አሳየቻት፤ ለሙታን የሚቃጠለው የወረቀት ገንዘብ በክር ታስሮ ተቀምጧል።

ወደ መስቀለኛው መንገድ ሄዱ። ከመቃብሩ የራቀ ሰው የሚያደርገውን ሊያደርጉ ነበር። ቻይፌን የጡብ ስባሪ አንስታ አስፋልቱ ዳር ክብ ልታሰምር አጎነበሰችና ቆመች። የክቡ አፍ ለሟቹ ክፍት የሚተወው ወደ አገር ቤት በኩል ነው።

“ሎንግሺ በየት በኩል ነው?”

ሱፒንግ በሣር ካርታ ላይ አገሩን ሁሉ ታውቀዋለች። እዚያ ቆማ ግን ጠፋባት። ጥግ ላይ ስኳር ድንች የሚጠብስ ሰው ሰምቷቸው ኖሮ በመቆንጠጫው ወደ ባቡር ጣቢያው አመለከተ። “በዚያ ነው፣ እትዬ። ፈጠን በሉ ግን፣ እሳት የሚከለክሉት ዘበኞች አሁን እራት ላይ ናቸው።”

ቻይፌን አሰመረች፤ አፉን ተወች። ሰው ለሌላቸው ሙታን ብላ ጥቂት ወረቀት ከክቡ ውጭ ጣለች። ከዚያ ክብሪቱን ለልጇ ሰጠቻት። ነፋስ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ያዘ።

“ጥሪው። ና ውሰድ በዪው።”

“አባ” አለች ሱፒንግ። “ና ውሰድ።” ድምፅዋ ቃል እንደምታጠና ሰው ድምፅ ነበር። አንድ በአንድ እየለየች ጨመረች። ፊቷ በሙቀቱ ተለበለበ፤ ጀርባዋ ቀዝቃዛ ነበር።

ቻይፌን እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሰች፣ ወደ ልጇ ሳታይ ተናገረች። “አምና ያዘዘው አባትሽ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ መጽሐፉን ለደሚንግ ሰጠው፤ የደረሰበትን አሳየው። እስክትፈተን እንዳትነግሯት አለ። አጎትሽ የቀብሩ ዕለት ማታ ነጩን ልብስ ሳያወልቅ ነው የጠራልሽ። ቀስ በል ብለሽዋል አሉ። እሱን ሲያወራ ያለቅሳል።” እንጨቱን አስቀመጠች። “ዘንድሮ ግን ማንም አላዘዘኝም።”

ሱፒንግ የመጨረሻዋን ወረቀት ጨመረች። ጫፉ ታጠፈ፣ ጠቆረ፣ ሄደ። አመዱ ተነስቶ ክቡ በተከፈተበት በኩል ሳይሆን ወደ ስኳር ድንቹ ሰውዬ ነፈሰ፤ ሰውየውም ድንቹን በክዳን ሸፈነ።

ቅዳሜ ጠዋት ቻይፌን ፈተናው ቦታ ድረስ ሸኘቻትና ከሌሎች ወላጆች ጋር አጥሩ ሥር ቆመች። የሱፒንግ ጃኬት እጅጌ ላይ የጭስ ሽታ ነበር። ከቀረቡት ቃላት አባቷ የጠራቸው ነበሩ፤ አጎቷ የጠራቸውም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ግን አላወቀቻቸውም። ከማታውቀው ፊት የአባቷን ያህል ዝም ብላ ጠበቀች፤ ካልመጣ አለፈችው። ደወል ተደወለ። ወጣች። እናቷ ምንም አልጠየቀቻትም፤ የበሬ ሾርባ ኑድል በልተው ወደ ማደሪያው ተመለሱ።

ዌንቺ አልጋዋን ለቅቃላቸው ወጥታለች። ቻይፌን ከቦርሳዋ የደኋይን ቀይ መጽሐፍ አወጣች። ገጾቹ ጥግ ጥጋቸው ላይ በድንጋይ ከሰል አውራ ጣት ጠቁረዋል፤ ከመሐል ወዲያ ያሉት ንጹሕ ናቸው። ረቡዕ ዕለት ደሚንግ አብሮ ይቃጠል ብሎ ነበር፤ እሷ ከእጁ ወሰደችው። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጥቁሩ የሚያልቅበትን ገጽ ገልጣ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች።

“ቀስ ብሎ... መሸርሸር” አለች። ከዚያ ዝም አለች፤ እየጠበቀች ሳይሆን የሚቀጥለውን ፊደል እየፈታች ነበር።

ሱፒንግ ቃሉን አለችው።

“ይቺን አላውቃትም።”

“እለፊያት፣ እማ።”

ስልኩ ጮኸ። ደሚንግ ነበር፤ በዚህ ሰዓት ባቡር ላይ ናት ብሎ ነው የሚደውለው። ሱፒንግ አነሳችው።

“አጎቴ።”

በወዲያኛው በኩል የመኪናው ሞተር ጠፋ። ስታነሳለት ከዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

“ፈተናው እንዴት ነበር?”

“አላውቅም። ብዙውን አላወቅሁትም።”

“እሺ።”

“እማ እኔ ጋ ናት። ነግራኛለች። ባቡሩን አልተሳፈርኩም፤ ነገ አብረን እንመጣለን።” ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ጊዜ ወሰደባት። “አጎቴ፣ ከእንግዲህ ፈተናም ቢኖር ንገረኝ።”

ደሚንግ አፉ ፍሬን የሌለው ሰው ነው። አሁን ግን ቀስ ብሎ ተናገረ።

“እነግርሻለሁ” አለ። “እናትሽ በላች?”

“በልታለች።”

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ቻይፌን ጣቷን ከመስመሩ አላነሳችም።

“ልቀጥል?”

“ቀጥዪ” አለች ሱፒንግ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።