የእትዬ ሐረግ የኑግ ድብልብል

ሐረግ የምትኖረው ልብስ እያጠበች ነው። የምታጥበው ግን ለከተማዋ ለመካነ ሰላም ሰው አይደለም፤ ከሌላ አገር ተመድበው ለመጡ መምህራንና ሠራተኞች ነው። እነሱ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቁም። ያጠበችውን ሸሚዝ ለብሰው፣ አንዳንዴም ያፈላችውን ሻይ ጠጥተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። የአገሬው ሰው ሰላምታ አይነፍጋትም። ሲሞትባት ለቅሶ ይደርሳታል፣ ስትታመም ይጠይቃታል። ከእጇ ግን አይቀምስም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ ከግንቡ ጥግ፣ በሰፌድ የኑግ ድብልብል ይዛ ትቀመጥ ነበር። ኑጉን ለብቻው ታምሳለች፣ ገብሱን ለብቻው ትቆላለች፤ ከዚያ አንድ ላይ ወቅጣ፣ ጨው ነስንሳ፣ ማር ሲገኝ ጠብ አድርጋ፣ ዘይቱን እስኪተፋ ድረስ በመዳፏ ታድቦለቡለዋለች። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሲነክሱት መጀመሪያ መረር ይልና ኋላ ይጣፍጣል። ቅቤ የለበትምና በጾሙም በፍስኩም ይበላል፤ ደወል ሲደወል የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ እኩል ይሮጥላት ነበር። ክፍል ሲመለሱ ጥርሳቸው ሁሉ ጥቁር ነው።

ይህን ያስቀረው የዝናሽ ሕመም ነው። ዝናሽ የወይዘሮ ብርሀንነሽ ልጅ ናት፤ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ከሰፌዱ አጠገብ የማትጠፋ። በጥቅምት ብርድ ትኩሳት ያዛትና መቃዠት ጀመረች። የሰፈር አሮጊቶች ተሰበሰቡ፤ ቡዳ ነው አሉ። ልጅቷን ሸፍነው በጭስ እያጠኑ «ማን በላሽ? ተናገሪ» አሏት። እንደ ወጉ፣ በጭስ ውስጥ የሚጠራ ስም የበላተኛው ስም ነው። ዝናሽም «እትዬ ሐረግ» አለች። ደጋግማ አለች። የሐረግ እናት ሸክላ ሠሪ ስለነበረች ሌላ ምስክር አላስፈለገም፤ የሸክላ ሠሪ ዘር ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላልና።

ልጅቷ ዳነች። ሐረግ እንደ ልማዷ ሰፌዷን ይዛ ብትወጣ ግን አንድም ልጅ አልቀረባትም። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ እየሸፈኑ በማዶ አለፉ። ሳምንት ያህል ተቀመጠች፤ ሙሉ ሰፌድ ይዛ ወጥታ ሙሉ ሰፌድ ይዛ ገባች። ከዚያ ተወችው። ማንም ፊት ለፊት «አንቺ ነሽ» አላላትም፤ ቢላት መልስ ይኖራት ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሐረግ ስም ግን እሷን በቁሟ ቀበራት። ባል ሳታገባ፣ ድግስ ሳትጠራ ፀጉሯ ሸበተ።

ዘንድሮ ለገና ከአዲስ አበባ የገባችው ዝናሽ፣ አሁን የልጅ እናት ሆና፣ ከሐረግ ደጅ ላይ ቆመች።

«እትዬ ሐረግ፣ አላወቁኝም?»

«የብርሀንነሽን ግንባር የማያውቅ አለ?»

ዝናሽ ሳቀችና ስልኳን አወጣች። «ይዩልኝማ። የትምህርት ቤታችን ልጆች በፌስቡክ የልጅነታችንን ምግብ ስናነሳ፣ የእርስዎን ድብልብል ያላነሳ የለም። ከበዓሉ በፊት ትምህርት ቤቱ ግቢ ልንገናኝ ነው። ይሥሩልን። ለምን ተዉት ግን?»

«ገዢ ጠፋ።»

«ይሄ የፋብሪካ ብስኩት ነው ጉድ የሠራን።»

ሐረግ አልሠራም ልትል አፏን ከፈተች። ግን አንድ ሐሳብ መጣባት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ብርሀንነሽ ከእጇ ብትጎርስስ? ክፉ ስሙ የታሰረባት በብርሀንነሽ ቤት ነው፤ ሊፈታላትም የሚችለው በብርሀንነሽ አፍ ብቻ ነው።

«እሠራለሁ፤ እናትሽ ከመጣች» አለች።

«እማዬማ ሳትጠራም ትመጣለች።»

በቀኑ ትምህርት ቤቱ ግቢ ከተተከለው ድንኳን ሥር ሰፌዱን ሳታስቀምጥ፣ ያኔ ለምን እንደተከለከሉ ሳይነገራቸው ያደጉት የድሮ ተማሪዎች ከበቧት። ሚኒባስ የሚነዳው ሳዲቅ ሁለት አፍሶ ሊያፈገፍግ ሲል አንዲት ሴት ክንዱን ያዘችው።

«አንተ፣ ድሮም ወረፋ ሌባ ነበርክ።»

«ተይኝ እስቲ፣ ጥርሴ ከማለቁ በፊት ልብላበት።»

«ድሮ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር መሰለኝ» አለ አንዱ።

«ድሮማ ርቦህ ነበር።»

ተሳሳቁ፣ ፎቶ ተነሱ። ዝናሽ ማይክ ያዘች። «እኔ ስድስት ዓመቴ ላይ ታምሜ፣ ምግብ ሁሉ አስጠልቶኝ፣ ድብልብል ብቻ ነበር ያማረኝ። ትዝ ይለኛል፤ እትዬ ሐረግን ጥሩልኝ እያልኩ አለቅስ ነበር። ስድን ግን እሳቸው ከበሩ ጠፍተው ጠበቁኝ።»

«ጨርሰሽባቸው ነዋ» አለ ሳዲቅ፣ ሰውም ሳቀ። ከፊት የተቀመጡት አሮጊቶች አልሳቁም።

ሐረግ ይህን ሁሉ ዘመን ልጅቷ ለምን ስሟን እንደጠራች አታውቅም ነበር። ለካ አምሯት ነው። ሰፌዱን አነሳችና ወደ ፊት ሄደች፤ ወይዘሮ ብርሀንነሽ የልጅ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ብርሀንነሽ፣ ቅመሺ።»

«ጾመኛ ነኝ እኮ።»

«የጾም ነው።»

«ሰዓት አልደረሰም ብዬ ነው።»

«እማማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆየ» አለ ሳዲቅ ከጎን፤ «የእርስዎን ጾም እኔ ልቁጠርልዎ?»

ብርሀንነሽ ፈገግ ብላ አንዱን አነሳች፤ ወደ አፏ ግን አልወሰደችውም፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «ለቤት ይሁነኝ» አለች። ልጁ እጁን ወደ ሰፌዱ ሲዘረጋ እጁንም ፊቱንም በነጠላ ሸፈነችው።

«ልጅሽ ያለችውን ሰምተሻል» አለች ሐረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አምሯት ነው የጠራችኝ።»

«ትኩሳት ላይ ያለች ልጅ የምትለውን ማን ያውቃል?»

«ያን ጊዜስ ማን አወቀ?»

ብርሀንነሽ ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። ከጎኗ ያሉት አሮጊቶች መሬት መሬት ያዩ ነበር። «ምንድን ነው እማዬ?» ብላ ዝናሽ ስትጠጋ፣ «ምንም፤ የድሮ ጨዋታ ነው» አለቻት።

ሐረግ የተረፈውን እንደያዘች ወደ በሩ አመራች። ዝናሽ ተከትላት ደረሰች።

«እትዬ ሐረግ፣ ለከርሞም ይሠሩልናል አይደል?»

«አልሠራም።»

«ምነው? ማን አስቀየመዎት?»

«ለምን እንደተውኩት ጠይቀሽኝ ገዢ ጠፋ አልኩሽ። ብስኩቱ የመጣው ከኔ በኋላ ነው ልጄ። እናትሽን ጠይቂያት።»

ዝናሽ ዞር አለች። እናቷ የሕፃኑን መዳፍ ዘርግታ፣ በምራቅ ባራሰችው ነጠላ እየደጋገመች ትጠርገው ነበር። ልጁ ግን ምንም አልነካም።