ጋሽ ዘለቀ ካርታውን አልሳቱም

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ በሰፈራችን እየዞረ «ዘለቀ ሳተው አርፈዋልና ቀብር ድረሱ!» ብሎ ለፈፈ። ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ ወጥቼ መንገድ ላይ አቆምኩት።

«የአባታቸው ስም ማን ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ እማማ አስካለ፤ ሰው ሁሉ ዘለቀ ሳተው ነው የሚላቸው።»

«ጉተማ ነው። ተመለስና ከመጀመሪያው ቤት ጀምረህ ንፋ።»

ነፋ፤ እኔም ከኋላው ሄድኩ። አቶ ዘለቀ ጉተማ አርፈዋል። በደርግ ጊዜ ለማላገጫ የወጣ ስም የአባት ስም ገፍቶ እስከ መቃብር መከተሉ በደል ነው፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ያየሁትን ለመመስከር ግን ይበቃኛል።

ጋሽ ዘለቀ ከአብነት ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ክፍል ውስጥ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር። በሰፈራችን ዓይናቸው የጠፋ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ዘለቀ የሽማግሌውን ራዲዮ ከጠገኑ በኋላ ራሳቸው ተሸክመው ቤታቸው ያደርሱላቸውና፣ ጣቢያው የሚገኝበት ቦታ ላይ የሻማ ጠብታ ያንጠባጥቡ ነበር፤ ሽማግሌው በጣታቸው ዳብሰው እንዲያገኙት። «የተበላሸ ዕቃ አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሰው ካሴት ውስጡ የተቀረቀረበት ቪዲዮ ማጫወቻ አመጣላቸው። ጠገኑት። ባለቤቱ ግን ሊወስደው አልመጣም። ክረምቱ አልፎም አልመጣም። የት ገባ ብለን አልጠየቅንም፤ ያኔ የቀረ ሰው አይጠየቅም ነበር።

ካሴቱ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ፈረንጅ የካርታ ምትሃት የሚያስተምርበት ነበር። ቋንቋውን አንዳችንም አንሰማም። ጋሽ ዘለቀ ወደ ኋላ እየመለሱ ደጋግመው አዩት። እኛ ጎረቤቶቻቸው በሩ ላይ ተደራርበን ስናይ «እጁን አትዩ፤ ዓይኑን እዩ» ይሉናል። እውነትም ፈረንጁ ካርታውን ከማቅረቡ በፊት ዓይኑ ለአፍታ ወደ ታችኛው ካርታ ወረድ ይላል። ምስጢሩ ይኸው ነው። ከክምሩ ሥር ያለውን ካርታ ታስታውሳለህ። ሰውየው የመረጠውን ከላይ ያስቀምጣል። ክምሩን ለሁለት ከፍለህ የታችኛውን በላይኛው ላይ ስትጭነው ሁለቱ ካርታዎች ጎን ለጎን ይሆናሉ። ዘርግተህ ያስታወስከውን ስታገኝ፣ አጠገቡ ያለው የሰውየው ነው። በመጨረሻ ፈረንጁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ይህኛው ትምህርት ማንም ሳይተረጉምልን ገባን።

ለእኔም አስተማሩኝ። በዚህ በወፍራም ጣቴ፣ ሽንኩርት መክተፍ እንጂ ካርታ መያዝ በማያውቀው፣ አንድም ቀን ስቼ አላውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ። አንዴ ንጉሡን ብመርጥ ጎትተው አወጡትና፣ «ይኼ ሰውዬ ከዙፋኑ ከወረደ ቆየ፤ አንቺ አሁንም እሱኑ ነው የምትመርጪው?» አሉኝ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል!» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ጨዋታው ብዙ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ አልቆየም። ዘለቀ የተደበቀ ያውቃል ተባለ። መጀመሪያ በግ የጠፋበት መጣ። ቀጥሎ ልጅ የጠፋባት እናት መጣችና የልጇን ፎቶግራፍ ከካርታዎቹ መሃል አስቀመጠች። «እናቴ፣ ይኼ ከካሴት የተማርኩት ማታለያ ነው። እኔ ምንም አላውቅም» አሏት። አላመነችም። ሊነግሩኝ ያልፈለጉት ነገር ቢኖር ነው ብላ እያለቀሰች ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ካርታውን ከመሳቢያ አላወጡትም። ወሬው ግን ቀበሌ ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። ልጄ ጌታቸው ቤታችን ኮርኒስ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ዘለቀ ራዲዮናችንን ሊያዩልን ቤት መጡ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ራዲዮኑ ግቢውን እያናወጠ የወታደር ማርሽ ያሰማል።

«ኧረ ጆሮዬን! ምን ሆነዋል?»

«እየፈተንኩት ነው» አሉኝ፤ ፈገግ እንኳ አላሉም። ድምፁን ሳይቀንሱ፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

በማግስቱ እሁድ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ጠባቂዎቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ዘለቀን ወደ ፊት አወጣቸውና የራሳቸውን ካርታ እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው፤ ሱቃቸውን አስከፍቶ አስመጥቶት ኖሯል።

«ይህ ሰው የተደበቀ ያወጣል ይባላል። እኛም የተደበቁብን አሉ» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጨዋታ ነው። ከካሴት የተማርኩት ነው።»

«ካሴቱ በምን ቋንቋ ነው?»

«በፈረንጅ። እኔ አልሰማውም።»

«ሳትሰማ ተማርክ? ልጅ ታታልላለህ?» አለና ወደ እኛ ዞረ። «ካርታዬን ካወጣ ከነገ ጀምሮ ከጥበቃ ጓዶች ጋር ቤት ለቤት ይዞራል። የትኛው በር እንደሚንኳኳ እሱ ይነግረናል።»

እኔ ከሴቶች ማኅበር ጋር ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ዘለቀን እንዳስተማሩኝ ዓይናቸውን አየሁ። ካርታውን ከመስጠታቸው በፊት ዓይናቸው ወደ ታች ወረድ አለ፤ አይተውታል። ጀርባቸውን ሰጡ። ሊቀመንበሩ አንድ ካርታ መዞ ለእኛ ለሴቶቹ አሳየን፤ ሰባት ልብ። መልሶ ከላይ አስቀመጠው። ጋሽ ዘለቀ ዞረው ክምሩን ከፈሉ፣ ጫኑ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጣታቸው ሰባት ልብ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ከዚያ ጣታቸው አለፈና አንድ ጥቁር ዘጠኝ አወጡ።

«ይኼ ነው» አሉ።

ሊቀመንበሩ ካርታውን አየ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ «ሳተው!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ሰውም ከእሱ ጋር ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ፤ የየራሱን በር እያሰበ ሳቀ። «ሂድ፣ ራዲዮህን ጠግን!» ብሎ አባረራቸው። ማጫወቻውንና ካሴቱን ወሰዱባቸው።

ሳቁ ግን በዚያ አላበቃም። ሕፃናት ከኋላቸው «ሳተው! ሳተው!» እያሉ ይከተሏቸው ጀመር። ዕቃ የሚያስጠግን ሰው ደግሞ «ካርታ የሳተ ሽቦ አይስትም?» እያለ ሜክሲኮ አደባባይ ወዳሉት ጠጋኞች ይሄድ ነበር። እኔ ያላየሁትን አልመሰክርም፤ ይህን ግን አይቻለሁ። እኔ የማልስተውን ነገር ያስተማሩኝ ሰው እንዴት ይስቱታል? ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ሳትኩ አልኩሽ እኮ» ይሉኛል። ደርግ ወድቆ፣ ጌታቸው አግብቶ ወልዶ፣ እንደገና ጠየቅኳቸው። «ተዪው አስካለ፤ ይኼ ስም በሬን ጠብቆልኛል። ከዚያ ወዲህ ልጄን ፈልግልኝ ብላ ያለቀሰች እናት ደጄ አልመጣችም» አሉኝ።

ጋሽ ዘለቀ፣ እርስዎ ለዚያ ስም ግድ አልነበረዎትም፤ እኔ ግን አለኝ። የእድሩ ሰው ሁሉ በትክክለኛ ስምዎ ቀብሮዎታል። የአባትዎን ስም ይዘው በሰላም ይሂዱ። ጣትዎንም ከከንፈርዎ ላይ ያንሱ፤ ከእንግዲህ በርዎን የሚያንኳኳ የለም።

ከማረፍዎ በፊት ከጌታቸው ጋር ልንጠይቅዎ መጥተን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኩዎት። ጌታቸውን ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩና «ሰባት ልብ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን?» አልኩዎት።

«ኮርኒስሽ ሲያስነጥስ ሰምቼ ነበራ!»