በሁዳዴ የመጣ ወተት

ፓስተሩ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ መካነ ሰላም ሲደርስ ያገኘው አስተርጓሚ እኔን ነበር። ምስኪን! እንግሊዝኛ የሚችልና ሥራ የፈታ ሌላ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። የየካቲቱ አብዮት ፈንድቷል፤ እኛ መምህራን አድማ መትተናል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። እኔም ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ሥር ተጥጄ «ዛሬ ደግሞ የትኛው ጦር አመፀ?» እያልኩ እውል ነበር።

አገሩ ግን ከአዲስ አበባ ወሬ በፊት በረሃብ አልቆ ነበር። ከዓባይ አፋፍ ያሉት አጥቢያዎች ከብታቸው ሞቶ፣ ዘራቸውን በልተው፣ እግራቸው የቻለላቸው በየቀኑ ወደ ከተማው ይገባሉ። የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ከዳይሬክተሩ ለምኜ ሦስት ክፍል ከፈትንላቸው፤ ዴስኮቹን አውጥተን ገለባ ጎዘጎዝንበት።

ፓስተሩ ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ደግ ሰው ነበር። ደግነቱን ዛሬም አልክድም። ሕዝቡ ግን «መስቀል የሌለው ቄስ» ይለው ነበር። ጥምጥም የለው፣ ቆብ የለው፣ ሲጸልይ ዓይኑን ጨፍኖ ከጎረቤቱ ጋር የሚያወራ ይመስላል። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው «ታዲያ ምኑን ነው የምንሳለመው?» ብለው ሲጠይቁኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ፓስተሩ ለረሃብተኛው ያስመጣውን ስንዴ የጫነውን መኪና ከወረኢሉ ወዲህ መንገዱ አላሳልፍ አለው። ቀድሞ በበቅሎ የደረሰልን የዱቄት ወተት ብቻ ነበር። ወተት! በሁዳዴ! ሕፃን አይጾምምና ልጆቹ ጠጡ፤ እስላሞቹም ጠጡ። ትልልቁ ክርስቲያን ግን ኩባያውን እያየ ምራቁን ይውጣል። ክርስቲያኖቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ አጥቢያ የመጡ ናቸው፤ ጾም የሚፈቱላቸው የነፍስ አባታቸው ደግሞ እዚያው አገራቸው ቀርተዋል። የከተማውን ቄስ ብለምናቸው «በሰው የንስሐ ልጅ እጄን አላስገባም፤ ሥርዓት ነው» ብለው መለሱኝ።

ከሰዎቹ መሀል የስድስት ወር ልጅ የታቀፈች እናት ነበረች። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ ነው የመጣችው። ጡቷ ደርቋል። ልጇን በማንኪያ ወተት እናጠጣላታለን፤ እሷ ራሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። የእጇ አጥንት ይቆጠራል።

«እህቴ፣ ጠጪ እንጂ!» አልኳት።

«ጋሼ፣ ጾም ነው እኮ።»

«ልትሞቺ ነው እኮ!»

«ታዲያ ገድፌ ልሙት? ፍትሐት የሚያደርስልኝ ልጣ? የነፍስ አባቴ ካልፈቱኝ አልቀምስም።»

ደሜ ፈላ። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ከገባሁ ወዲህ ጾም የሚባል ነገር ትቼ ስለነበር፣ ነገሩ ሁሉ የኋላ ቀርነት መሰለኝ። ለፓስተሩ ነገርኩት። አጠገቧ ተንበረከከና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔም የእግዚአብሔር አገልጋይ ነኝ፤ ፈትቼሻለሁ በልልኝ» አለኝ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር «ፈትቼሻለሁ» የሚለው የነፍስ አባት ብቻ ነው፤ ቃሉን የተቀበለም ሰው የእሱ የንስሐ ልጅ ሆነ ማለት ነው። ፓስተሩ ይህን አያውቅም። እኔ ግን አሳምሬ አውቃለሁ። አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ ወይም «ተው፣ እንዲህ አይባልም» ልለው ይገባ ነበር። ንዴቴ መች አስችሎኝ! «እንዲያውም ይገላግለን» ብዬ፣ ያውም ሦስቱም ክፍል እስኪሰማ ጮክ ብዬ፣ «እኔም ቄስ ነኝ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ጠጪ ይልሻል!» አልኩ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ የልጇን አፍ በጣቷ ከፍታ የቀረውን ወተት ጠረገችው።

«ለካ ለዚህ ኖሯል ወተቱ!» አለ አንድ ሰው ከጥግ። «ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡን ነው!»

ኩባያው ሁሉ አንድ በአንድ መሬት ተቀመጠ። እናቶች ከልጆቻቸው እጅ እየቀሙ ወተቱን ወደ ውጭ ደፉት። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፓስተሩ «ምን አጠፋሁ?» እያለ ያፈጥጥብኛል። ወደ ውጭ አውጥቼ አስረዳሁት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለ። ባርኔጣውን ደፋና «የነፍስ አባቷ የት ነው ያሉት?» ሲል ጠየቀኝ።

የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በቅሎ ለማግኘት ወደ አንድ እስላም ነጋዴ ጎረቤቴ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «መምህር፣ አንተንም ብሎ አስተርጓሚ!» አለኝ። «በቅሎዋን ውሰድ። ወላሂ፣ ቄሱን ሳትይዝ ብትመለስ ደጄን እንዳትረግጥ!»

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወጣን። ወደ ዓባይ አፋፍ በቀረብን ቁጥር ደጃቸው በእሾህ የተዘጋ ቤቶች በዙ። ጭስ የሚወጣበት ቤት እምብዛም አላየንም። የፓስተሩ ተረከዝ በጫማው ቆስሎ ያነክሳል፤ «በቅሎዋ ላይ ውጣ» ስለው «እሷ ለቄሱ ናት» አለኝ። መንገድ ላይ ቦርሳውን ከፍቶ የቆርቆሮ ሥጋ አወጣ። ፊት ለፊታችን ያለውን የተዘጋ ቤት አየና ሳይከፍተው መለሰው።

ቄሱን ያገኘናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ አፈሩ ገና ካልደረቀ መቃብር አጠገብ ተቀምጠው ነው። ዶማው ጎናቸው አለ። ቀባሪ ጠፍቶ እሳቸው ራሳቸው ይቆፍሩ ነበር። ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተጣብቋል። መስቀል ተሳልሜ የሆነውን ሁሉ፣ የገዛ ጥፋቴን ጭምር፣ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ፓስተሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

«እሷንስ ፈትቻታለሁ» አሉ ቄሱ። «ግን አንተ ሄደህ ብትነግራቸው ያምኑሃል?»

«አያምኑኝም አባቴ።»

«እንግዲያው እኔው ልሂዳ።»

ዶማውን ተመርኩዘው ሊነሡ ሞከሩ። ፓስተሩ እንደ ሕፃን አንሥቶ በቅሎዋ ላይ አስቀመጣቸው። «ይሄስ ጉልበት አለው፤ መቃብር በቆፈረልኝ!» ብለው ሳቁ። መንገዱን ሁሉ እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ደግፈናቸው ሄድን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስን። ሴትዮዋ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ በላይ ግን አትችልም። ልጇ ማልቀሱን ትቷል። ቄሱ ደጃፉ ላይ ቆመው ለሁሉም ተናገሩ፦

«ይህ ሰው እንግዳ ነው፤ ሥርዓታችንን አያውቅም። ሃይማኖታችሁን የጠየቃችሁ የለም። ወተቱ ወተት ነው። እኔ ፈትቻችኋለሁ፤ ጠጡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሽማግሌ «አባቴ፣ እርስዎስ ይጠጡታል?» አሉ።

ቄሱ ሴትዮዋንና ልጇን አዩ። ከዚያ «እስቲ አምጡልኝ» አሉና ኩባያውን ተቀበሉ። አማትበው እስከ ጭላጩ ጠጡና ኩባያውን ዘቅዝቀው አሳዩ። ያን ጊዜ ሰዉ ተነሣ። እኔ የሴትዮዋን ራስ ደግፌ ይዤ ኩባያውን አፏ ላይ አደረግኩላት። ለልጇ በማንኪያ ሰጠነው፤ ዋጠ። እሷም ሁለቴ ፉት አለችና ቄሱን እያየች አቆመች።

ፓስተሩ ደስ ብሎት ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል። ቄሱ ግን ግድግዳ ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አባቴ፣ አብሽሩ እንጂ!» አልኳቸው። «ነፍስ አዳኑ እኮ!»

«ልጄ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴ ገድፌ አላውቅም» አሉ። «የኔ የነፍስ አባት ባለፈው ወር ሞቱ፤ በዚሁ እጄ ቀበርኳቸው። እኔን ማን ይፍታኝ?»

«ምን አሉ?» አለኝ ፓስተሩ። ነገርኩት። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መሬት መሬት አየ።

ቄሱ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ወደ ሴትዮዋ ሄደው ገለባው ላይ አጠገቧ ቁጭ አሉና አንገታቸውን ሰበሩላት።

«ልጄ፣ እግዜር ይፍታዎ በይኝ» አሏት።

«ኧረ አባቴ! ኧረ ምን ሆነው ነው! እኔ ማን ነኝና!»

«ላንቺና ለልጅሽ ነፍስ ብዬ ነው የገደፍኩት። የሚፈታኝ ሰው የለኝም። በይኝ።»

ዞር ብላ አየችኝ፤ አንድ ነገር በልልኝ ማለቷ ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«እግዜር ይፍታዎ፣ አባቴ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አሜን» አሉ።

ከዚያ እሷ ኩባያውን በገዛ እጇ አንሥታ የቀረውን ጠጣችው።