የአባቴ ሱሪ የግራ እግር

ከጂንካ የወጣሁ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ አባቴ ሻንጣዬን ይዞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሞተር ሳይክል ገጭቶት የተሰበረው የግራ ዳሌው በብረት ከተተካ ገና አራተኛ ሳምንቱ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ወር ያለ ክራንች እንዳይራመድ አዝዞታል።

«አባ፣ ክራንቹስ?» አልኩት።

«አንዱ እጄ ለሻንጣሽ፣ አንዱ ለአንቺ። ለክራንች ሦስተኛ ከየት ላምጣ?»

ሳቅኩ። በዚያ ሳቄ እስካሁን አፍራለሁ።

ስዊድን ለትምህርት መጥቼ፣ ጨርሼ፣ ሥራ የያዝኩት ራጅ ላይ ነው። ዳሌ የተተካላቸው ሰዎች በየጊዜው ራጅ ይነሳሉ፤ እኔ የቀድሞውንና የአሁኑን ራጅ አስተያይቼ ብረቱ አጥንቱ ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ እለካለሁ። አከራዬ፣ ቅቤ ባቀለጥኩ ቁጥር በዚያ ብርድ መስኮት የምትከፍት አሮጊት፣ አንድ ቀን «ስንት ይወርዳል?» አለችኝ።

«ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትርም አይሞላም።»

«ለዚህ ነው ከአፍሪካ ድረስ ያስመጡሽ?»

እዚህ ሰው እናቱን እንኳ በቀጠሮ ነው የሚጠይቃት። አባቴ ጂንካ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ሳይል የሚያልፍ ሰው የለም። በደወልኩ ቁጥር «እንደ ሚዳቋ እሮጣለሁ» ይለኛል። ባለፈው ወር ግን እህቴ ምሕረት ሁለት ራጅ መስኮት ላይ ለጥፋ፣ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። አንዱ የቀዶ ጥገናው ሰሞን፣ ሌላው ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት የተነሳው ነው። «ያነክሳል። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል» ብላለች።

ፎቶው ላይ ማስመሪያ የለም። ዳሌው ውስጥ የገባው የብረት ኳስ ስፋት ግን የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ እሱን ማስመሪያ አደረግኩት። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ስድስት ሚሊ ሜትር።

ራጅ ስንት እንደወረደ እንጂ በየትኛው ቀን እንደወረደ አይናገርም። እኔ ግን ያለ ክራንች ሻንጣዬን የተሸከመባትን ያችን ንጋት አየኋት። ተስፋዬም እሷው ነበረች፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወርዶ የቆመ ብረት ብዙ አያሰጋም። የማያቆመው ነው ዳግመኛ ቢላዋ የሚያስገባው።

ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄጄ አገር ቤት ደርሼ መመለስ እንደምፈልግ ተናገርኩ።

«አባትሽ እየሞተ ነው?» አለኝ ሰውዬው።

«አይ፣ ዳሌው ስድስት ሚሊ ሜትር ወርዷል።»

ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየና «ለሱ የሚሆን ቦታ የለውም» አለ። «የመኖሪያ ፈቃድሽ ሳይታደስ ከወጣሽ ደግሞ አትመለሺም።»

ቅዳሜ ለአባቴ ደወልኩ። ራጁን እንዳየሁት ስነግረው አልተቆጣም።

«ስንት አገኘሽ?»

«ስድስት ሚሊ።»

«ጎበዝ!» አለ፣ ልብስ ሰፊ ጓደኛውን እንደሚያደንቅ። «የሱሪዬ የግራ እግር መሬት እየጠረገ ሲያስቸግረኝ፣ ለፋሲካ ለክቼ ያጠፍኩት ልክ እሷን ነው። ከዚያ ርቀት እንዴት አገኘሻት?»

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

«ትናንት ግን ፈትቼ አንድ ሴንቲ አደረግኩት» አለ። «አሁን ቀጥ ብሏል። ስትመጪ ማነከሴን አታውቂውም።»

ስድስት የነበረው ዐሥር ሚሊ ሆኗል፤ አልቆመም። ከስልኩ ማዶ በእግሩ የሚረግጠው የስፌት መኪናው ይሰማኛል። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።